በሌላ ሰው ጣት

ሰኞ፣ ግንቦት 5

አምስት ሴቶች መርፌያቸውን ሳይወስዱ መለስኩ። አንዷ ከባሮ ማዶ በእግሯ የመጣች ነች። ውሃ አጠጥቼ ሸኘኋት፤ ከዚያ በላይ የማደርግላት አልነበረኝም።

ምክንያቱ በራችን ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። ባለፈው ዓርብ አንድ ባል መጥቶ፣ ሚስቴን ማን ፈቅዶላችሁ ነው የምትወጉት ብሎ ጮኸ። የክሊኒኩ ኃላፊ ኡጁሉ ገና ወጣት ነው፤ የተሾመው ክልል ከሆንን ወዲህ ነው፤ ጩኸት አይወድም። ዛሬ ጠዋት ለጠፈው። የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት የሚሰጠው የባል ፊርማ ካርዱ ላይ ሲኖር ብቻ ነው። መጻፍ የማይችል በጣቱ ይፈርማል። የድሮዎቹ ካርዶችም እንዲሁ ይሟሉ።

ባሎቹ የሚፈርሙ ቢሆን ኖሮ ሴቶቹ እንክብል ይወስዱ ነበር፤ መርፌ የሚመርጡት ቤት ውስጥ የሚደበቅ ነገር ስለሌለው ነው አልኩት። “ሲስተር፣ እኔን ነው የሚያባርሩኝ” አለ። እውነቱን ነው።

ሲስተር አይደለሁም፤ ጤና ረዳት ነኝ። እዚህ ነጭ ጋውን የለበሰች ሁሉ ሲስተር ነች። መስከረም ላይ ጅማ ገብቼ ከተማርኩ እውነተኛዋን እሆናለሁ። የድጋፍ ደብዳቤውን የሚጽፍልኝ ኡጁሉ ነው፤ ገና አልጻፈም።

ከዛሬ በኋላ የሚቀር ከሆነ አሠራራችንን እዚህ ልጻፈው። የሴቶቹ ካርድ እኔ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። ቤት የሚሄደው የልጁ የክትባት ካርድ ብቻ ነው። የእናትየው ቀጠሮ ሲደርስ ለማስታወስ በልጁ ካርድ ጥግ ላይ በእርሳስ አንዲት ነጥብ አደርጋለሁ። ባል ቢያያትም ነጥብ ነች። ልጅ ለማስከተብ የምትሄድን ሴት ደግሞ ማንም አይጠይቃትም።

ከካርዶቹ አንዱ ላይ የተጻፈው ስም የውብዳር ነው። የውብዳር አያቴ ነች፤ ከሞተች ቆየች። የእሷን መርፌ የምወስደው እኔ ነኝ፣ ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ፣ በገዛ እጄ፣ ጭኔ ላይ። ዓመት ሞላኝ። ባሌ ጌትነት አያውቅም። ቀጣዩ ቀኔ የፊታችን ሰኞ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

አሪየት መጣች። አኙዋ ነች፤ አራት ልጆች አሏት። ባሏ ኦቻን ጌትነት በሚያስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። ትንሹ ኦሞድ ዘጠኝ ወር ስለሞላው የኩፍኙን ወጋሁት። አለቀሰ፣ ጡት አገኘ፣ ረሳው። የክትባት ካርዱ ሞላ። እኔና አሪየት ካርዱን አብረን አየነው። ከዛሬ በኋላ በልጅ ሰበብ መምጣት የለም።

“የኔስ?” አለች። መርፌውን ሁለት ጊዜ ወስዳለች፤ ዛሬ ሦስተኛዋ ነው።

የወረቀቱን ነገር ነገርኳት። አሪየት ለሴትም ለወንድም “አንተ” ነው የምትለው፤ ለምጄዋለሁ።

“ስማ ሲስተር። ባሮ ሲሸሽ እኛ ዳሩ ላይ በቆሎ እንዘራለን። ሦስተኛ ልጅ ጊዜ ውሃ ሸሸ፣ ሆዴ ይሄን ያህላል።” በእጇ አሳየችኝ። “አልዘራሁም። ግማሽ መሬት ሌላ ሰው ያዘ። አምና ውሃ ሸሸ፣ ኦሞድ ተወልዷል፣ እኔ ደም ፈሶኝ ተኝቻለሁ። ዘንድሮ ካልዘራሁ መሬት የለም። አንድ ውሃ ብቻ ነው የምፈልግ። አንድ ውሃ ሲሸሽ ሆዴ ባዶ ይሁን።”

ይህንኑ ለኦቻን ንገሪው አልኳት።

“ኦቻን ከተቆጣ ወደ አባቴ ቤት ይልከኛል። እኔ ስሄድ ድሙይ ይመለስ ይላሉ።”

ድሙይ ሰማያዊው የጥሎሽ ዶቃ ነው። ከድሮ የቆየ ነው፤ አዲስ አይገዛም፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ይኖራል። አሪየት ስታገባ የመጣውን ድሙይ ወስዶ ወንድሟ ሚስት አግብቶበታል። ልጆች ስለወለደች ሁሉንም አይጠይቁም ይሆናል፤ ግማሹንም ቢሆን ወንድሟ ከየት ያመጣዋል? የእሱም ሚስት ወደ አባቷ ትመለሳለች።

“ሁለት ቤት ይፈርሳል” አለች፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ።

ሰባት ዓመት እዚህ ሠርቻለሁ። ማስተማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ከባለቤትዎ ጋር በግልጽ ይወያዩ የሚል ገጽ አለ። ስለ ወንድም ሚስት የሚያወራ ገጽ የለም።

ያደረግኩትን ልጻፍ። መዝገብ ክፍል ገብቼ የማህተሙን ቀለም አመጣሁ። በባል ፊርማ ቦታ የራሴን አውራ ጣት አተምኩ። ኦቻን ዘበኛ ነው፣ በጣቱ ነው የሚፈርመው፣ ጣት ደግሞ ጣት ነው። ወጋኋት። ኦሞድን አዝላ ሄደች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

ቀለሙ አልለቅ አለኝ። የሞከርኩት፦ ሳሙና፣ ሎሚ፣ አልኮል፣ አመድ፣ እንደገና ሳሙና። ጥፍሬ ሥር ገብቷል።

ጌትነት ትናንት ማታ አየው። “ደሞዝ በጣት መቀበል ጀመራችሁ እንዴ?” አለኝ። የማህተም ቀለም ፈሰሰብኝ አልኩት። ሳቀ። ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ በትንሽ ነገር ይስቃል፤ ውሃ ይቀዳል፣ የልጆቹን ፀጉር ሳይቀር ያበጥራል። ክፉ ባል ቢሆን ኖሮ ይህን ማስታወሻ መጻፍ ይቀለኝ ነበር።

ዛሬ የእናቱ ደብዳቤ ከደብረ ማርቆስ ደረሰ። ለሁለቱ ሴት ልጆቻችን፣ ለቤዛና ለሰላም ሰላምታ፣ ከዚያ ወንድ ልጅ። እሳቸው ሁለት መስመር ሳይጽፉ ወንድ ልጅ ጋ ይደርሳሉ። ጌትነት “እግዚአብሔር ሲፈቅድ” አለ። “አዎ” አልኩ።

ለምን እንደደበቅኩት ለራሴ ስዘረዝር፦
ጅማ ነፍሰ ጡር አይቀበሉም።
ሰላምን ስወልድ ምጡ እምቢ ብሎ በጭነት መኪና ወደ መቱ ተወስጃለሁ፤ መንገዱን አልረሳውም።
ሁለታችንም ደሞዝተኞች ነን፤ እህቴንም የምናስተምራት እኛ ነን።
እነዚህን ሦስቱን ለማንም መናገር እችላለሁ። አራተኛው ግን ሌላ ልጅ አልፈልግም የሚለው ነው። አልፈልግም፣ በቃ። ይህን ለአንድም ሰው ተናግሬው አላውቅም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

ኡጁሉ ካርዶቹን እያገላበጠ ሲያይ የአሪየት ላይ ቆመ።

“ይሄ ኦቻን የትምህርት ቤቱ ኦቻን ነው?”

“አዎ።”

“በጣት ነው እንዴ የፈረመ? ኦቻን እኮ ይጽፋል። ሚሲዮን ትምህርት ቤት አብረን ነበርን። የእጅ ጽሑፉ ከኔ ይበልጣል።”

ኡጁሉ አውራ ጣቴን አየ። እጄን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ ይበልጥ አስታወቀብኝ።

አልጮኸም። ቀስ ብሎ “እስከ ሰኞ ኦቻን ራሱ መጥቶ ይፈርም። ካልሆነ ለቢሮ እጽፋለሁ። የጅማ ደብዳቤሽንም ከዚያ በኋላ እናየዋለን” አለ። በሩን ሳይቀር ቀስ ብሎ ነው የዘጋው።

ማጭበርበሬ ያሳፍራል። ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው። ለጌትነት ምሳ ስወስድ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን በር የሚከፍትልኝ ኦቻን ነው። መጻፍ ይችል እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ዘበኛ ነው፣ አኙዋ ነው፣ እንግዲያው ጣት። ይህን ሳላስበው ነው ያሰብኩት። ደገኛ ባይሆንና ስሙ ኦቻን ባይሆን ኖሮ ወረቀት አንስቼ ስሙን እጽፍ ነበር። አይ፣ ዘበኛው እንደኔ ደገኛ ቢሆን ኖሮ ማለቴ ነው። በተናደድኩ ጊዜ ጽሑፌ ይምታታል።

ዓርብ፣ ግንቦት 9

ከሥራ ስወጣ አሪየት ቤት ሄድኩ። ትንሽ ዘንቦ ነበር፤ ግቢዋ ግን በጭቃ የተለሰነ ስለሆነ ጫማዬን አላቆሸሸውም። በቆሎ ትወቅጥ ነበር። ኡጁሉ ያለውን ሁሉ ነገርኳት፤ የጣቱን ነገርም።

መውቀጧን አላቆመችም። “ኦቻን እኮ ይጽፋል” አለች።

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“አንተ አልጠየቅክም። ቶሎ ጣትህን አደረግክ።”

ጥቂት ወቀጠችና ዘነዘናውን አስቀመጠች። ዛሬውኑ ራሷ ልትነግረው ወሰነች። ከኡጁሉ አፍ ከሚሰማው ከሷ ቢሰማው ይሻላል። ድሙዩስ አልኳት። “ይመጣል፣ አይመጣም፣ አላውቅም” አለች። ከዚያ፦

“ኦቻን ይጠይቀኛል። ይሄ መድኃኒት አኙዋ እንዲያልቅ ነው ወይ ይላል። ሰው እንደዚያ ይላል፣ ገበያ ላይ። ምን ልበለው? አንተ ራስህ ትወስዳለህ?”

“እወስዳለሁ” አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ቀላል ነበር። እስከ ዛሬ የነገርኩት ሰው የለም።

“ባልህ ያውቃል?”

“አያውቅም።”

ሳቀች። እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። “ስለዚህ አንተም ሌባ ነህ” አለችኝ። ደስ ያላት ትመስላለች። እኔም ቤት እስክደርስ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10

ጌትነት ትልቅ ዓሣ ይዞ ገባ። የላከው ኦቻን ነው። ሁለቱ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው ስለ ኳስ ያወራሉ፤ ዓሣም አልፎ አልፎ ይመጣል።

“ኦቻን ዛሬ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ዝም አለኝ” አለ። “ዓሣውን ሰጠኝና ዘወር አለ።”

እንግዲህ ነግራዋለች ማለት ነው። ዓሣውን ጠበስኩት። ቤዛ አጥንት ወጋት፣ ወጣላት። ጣፋጭ ነበር፤ እኔ ግን አልወረደልኝም።

እሑድ፣ ግንቦት 11

ዛሬ ለጌትነት ልነግረው ወስኜ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ማንጎው ሥር ቁጭ ብለን ሳለ የእናቱን ደብዳቤ እንደገና አወጣ። የመጨረሻውን ገጽ ረቡዕ ዕለት አላነበበልኝም ነበር። ወንድ ልጅ ከተወለደ ለደብራቸው ጃንጥላ ሊያስገቡ ተስለዋል። ገንዘቡን ከቅቤ ሽያጭ ማጠራቀም ጀምረዋል።

ጌትነት ደብዳቤውን ሲያጣጥፈው ቀስ ብሎ ነው። ምን አስበህ ነው ልለው አፌን ከፍቼ ሳለ ሰላም ወደቀች። ጉልበቷን አጠብኩ። ከዚያ ራት፣ ከዚያ ልጆቹን ማስተኛት። ምክንያት ለፈለገ ሰው ቀኑ ሙሉ ምክንያት ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 12

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጡ። አሪየት ከፊት፣ ኦቻን ከኋላ፣ ኦሞድ አባቱ ትከሻ ላይ። ኦቻን የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ሰክቷል። እስክሪብቶውን ካየሁ በኋላ ፊቱን ማየት ከበደኝ።

“ካርዱን አምጣ” አለኝ፤ እሱም እንደ ሚስቱ “አንተ” ነው የሚለኝ። ሰጠሁት። ከላይ እስከ ታች ሳይቸኩል አነበበው።

“ይሄ ጣት የማን ነው?”

“የኔ ነው።”

“አንተ ኦቻን ነህ?”

“አይደለሁም። ይቅርታ አድርግልኝ።”

“ለምን ጣት? ለምን ስም አልጻፍክም?”

ሌላ ውሸት መፈለግ እችል ነበር። “መጻፍ የምትችል አልመሰለኝም” አልኩት።

አሪየት ወደ መስኮቱ ዞረች። ኦቻን ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። “ሦስት ዓመት በር ከፈትኩልህ” አለ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ሁለተኛውን ጠየቀ፤ እሱንም ሳይጮህ። “የኛ ሰው ጥቂት ነው። ደገኛ ብዙ ነው። አሁን ክልል ሆነናል፣ ሰው ይቆጠራል። ደገኛ ሴት አኙዋ ሴት ትወጋለች፣ ልጅ ይቀራል። ሰው ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ?”

ግድግዳው ላይ የምናስተምርበት ሥዕል አለ፦ ጋቢ የለበሰ አባት፣ ነጠላ ያደረገች እናት፣ ሁለት ልጆች። በዚህ ሙቀት ጋቢ። ሥዕሉን አየሁና ከሱ ላይ የማነበው መልስ እንደሌለኝ ገባኝ። መሳቢያውን ከፍቼ የውብዳርን ካርድ አወጣሁ።

“ይሄ የኔ ነው። እኔም እወስዳለሁ።”

አነበበው። “ስሙ ያንተ አይደለም።”

የውብዳር የሚለውን ሰርዤ ጽጌ ብዬ ጻፍኩና መልሼ ሰጠሁት። ጣቱን ወደ ታች አወረደ።

“መምህር አልፈረመም።”

“አልፈረመም። አያውቅም።”

ኦሞድን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረው። “ኡጁሉ ወረቀት የለጠፈው ለአኙዋ ብቻ ነው?”

“ለሁሉም ነው።”

“እንግዲያው መምህር ይፈርም። መምህር ሲፈርም እኔ እፈርማለሁ።” እስክሪብቶውን ከኪሱ ሳያወጣ ሄደ።

አሪየት በሩ ላይ ቆም ብላ “ኦቻን ድሙይ አላነሳም” አለችኝ። “ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ጣት ብቻ ነው የሚያወራ።”

ኡጁሉን አንድ ቀን ጨምርልኝ አልኩት። ጭንቅላቱን በእሺታ ነቀነቀ።

አሁን የአሪየት ቤት፣ የወንድሟ ቤትና የኔ ቤት አንድ ካርድ ላይ ተንጠልጥለዋል። ከራት በፊት ጌትነት ደብተር ሲያርም ካርዱን አጠገቡ አስቀመጥኩ። ስለ ጣቱም፣ ኦቻን ስላለውም ነገርኩት። ቀዩን እስክሪብቶ እንደያዘ አነበበው።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ካለፈው ግንቦት።”

“በአያትሽ ስም ለምን?”

“ስሜን እንዳታየው።”

“ለጅማ ብለሽ ነው?”

“ለጅማም ነው። ግን ጅማ ባይኖርም አልፈልግም ነበር።” አልኩት። አራተኛውን ምክንያት አልኩት።

“የእናቴን ደብዳቤ ሳነብልሽ ዝም ብለሽ ትሰሚኝ ነበር” አለ። የቀሩትን ደብተሮች አርሞ ጨረሰ። ከልጆቹ ጋር በላ፤ ለልጆቹ ተረት ነገረ፤ ለኔ ምንም አላለኝም። በጣም ፈርቻለሁ። መርፌዬን ዛሬ መውሰድ ነበረብኝ፤ አልወሰድኩም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13

ጠዋት ካርዱ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ጌትነትም ቁርስ ሳይበላ ወጥቷል።

እስከ ስድስት ሰዓት አሥራ አንድ ሕፃናት ከተብኩ። የአንዱን ቀን ተሳስቼ ጻፍኩ፤ አስተካከልኩት። ከዚያ ኦቻን ብቻውን መጣ። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። ካርዴ ነው። በባል ፊርማ ቦታ የጌትነት ስም አለ፣ በቀይ።

“ጌትነት ምን አለህ?” አልኩት።

“ጠዋት በር ላይ ቆመ። ደወል ተደወለ፣ አልገባም። ‘ኦቻን፣ አንተ ምን ታደርጋለህ?’ አለኝ። እኔ ‘መምህር፣ አንተን ነው የምጠብቅ’ አልኩት።” ፈገግ ሊል ፈለገና ተወው። “ከዚያ ገባ። በዕረፍት ተመለሰ፣ ይሄን ሰጠኝ።”

የአሪየትን ካርድ አወጣሁለት። በራሱ እስክሪብቶ ጣቴን በአንድ መስመር ሰረዘው። ከሥሩ ሙሉ ስሙን ጻፈ፣ የአባቱንም የአያቱንም። ኡጁሉ እውነቱን ነው፤ ጽሑፉ ያምራል። ከስሙ ቀጥሎ “ለአንድ ውሃ ብቻ” ብሎ ጨመረበት። ካርዱ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ የለም፤ በጠርዙ ላይ ነው የጻፈው። እኔም አልከለከልኩትም።

“ከዚያ በኋላ እሷና እኔ እንነጋገራለን። አንተ የለህበትም” አለኝ።

“የለሁበትም” አልኩት።

ኡጁሉ ሁለቱንም ካርዶች አየ፤ የኔን ሲያይ ቅንድቡን አነሳ እንጂ ምንም አልጠየቀኝም። የጅማውን ደብዳቤ ነገ እጽፋለሁ አለ። ነገ እዚህ ረጅም ነው፤ ቢሆንም ብሏል። ወረቀቱ አሁንም በሩ ላይ ነው። ከባሮ ማዶ የመጣችው ሴት አልተመለሰችም። ባለፈው ሳምንት ሰኞ በመለስኳት ጊዜ ስሟን እንኳ በደንብ አላየሁትም፤ ዛሬ ካርዷን ፈልጌ አየሁት፣ ኛዊር ትባላለች።

መርፌዬን ነገ እወስዳለሁ። ቀን፣ አንዷ ባልደረባዬ ትወጋኛለች፣ በስሜ።

ቤት ስገባ ጌትነት ለእናቱ እየጻፈ ነበር። ቀና ሳይል “ጅማ ስንት ወር ነው?” አለኝ። ነገርኩት። መጻፉን ቀጠለ። ልጆቹ እንዲህ ረጅም ደብዳቤ ሲጽፍ አይተውት ስለማያውቁ ዙሪያውን ቆሙ። ሲጨርስ ኤንቨሎፑን በምላሱ አርሶ አሸገና ሰጠኝ። ነገ ወደ ሥራ ስትሄጂ ፖስታ ቤት አስገቢልኝ አለ። ከትናንት ወዲህ ለኔ ያለው ይህን ብቻ ነው።

ምን እንደጻፈ አላውቅም። ታሽጓል። ቦርሳዬ ውስጥ ከካርዴ ጎን አስቀመጥኩት።